የመምህሩ ሱሪና የኔ መቀስ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። ይህን የምጽፈው ስለ አንድ ሱሪ ነው። በሥራ ላይ ያላጠፋሁት ጥፋት የለም። እጅጌ አሳጥሬያለሁ፣ ኮት በካውያ አቃጥያለሁ። ከልቤ ያልወጣው ግን ይሄኛው ነው።

ነገሩ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ያኔ ወጣቱ ሁሉ ጠባብ ሱሪ ላይ ነበር። ሰፊ የለበሰ ፋራ ነው። ሱቄ የሚመጣው ሰው አብዛኛው አዲስ የሚያሰፋ ሳይሆን «አጥብብልኝ» የሚል ነበር። ከሰኞ ገበያ ሰልባጅ የገዛው ያስጠብባል። ከዱባይ የመጣለት ያስጠብባል። ከታላቅ ወንድሙ የወረሰው ያስጠብባል። በቀን አሥር፣ አሥራ አምስት ሱሪ ያጠበብኩባቸው ቀናት ነበሩ። ገንዘቡም ጥሩ ነው። ጨርቅ መግዛት የለ፣ ቀጠሮ የለ። ሰውየው ቆሞ ይጠብቅና ከፍሎ ይሄዳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መምህር መጡ። ስማቸውን አልጽፍም። ሁለተኛ ደረጃ ጂኦግራፊ የሚያስተምሩ፣ እኔንም ያስተማሩ ሰው ናቸው። በፌስታል ሙሉ ሱፍ ይዘዋል፤ ኮት፣ ሱሪ፣ ሰደርያ። ግራጫ፣ ቀጭን ነጭ መስመር ያለው፣ ደሴን ብርድ የሚችል ከባድ ጨርቅ። ገና እጄ ላይ ሲያርፍ ስፌቱን አወቅኩት። የሐጂ ነው።

ሐጂ ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፣ አላህ ይዘንላቸው። ይህን ሱፍ በ1988 ለመምህር ሠርግ የሰፉት እሳቸው ነበሩ።

«ልጄ ‹አባዬ ሱሪህ ሁለት ሰው ያስገባል› እያለች ሰላም ነሳችኝ» አሉ መምህር እየሳቁ። «ተማሪዎቹም ሳያዩት አይቀሩም። እስቲ ትንሽ ጠበብ አድርግልኝ።»

ትንሽ ነው ያሉት። ያቺን ቃል አልሰማኋትም።

ሱሪው ጠፍጠፍ ተደርጎ ሲለካ ግርጌው ላይ 25 ሴንቲ ነበር። ወደ 22 ባወርደው ይበቃ ነበር። እኔ 17 አደረግኩት። በዚያ ሰሞን ለወጣቱ ሁሉ የምሠራው 17 ነው፤ እጄ የለመደው እሱን ነው። ደግሞም መምህሬ ናቸው፣ ዘመናዊ ነገር ልሥራላቸው ብዬ ነው። በፍቅር ነው ያበላሸሁት።

ይባስ ብዬ ትርፉን ጨርቅ ቆረጥኩት። ይህን ልብስ የሚሰፋ ሰው በደንብ ይረዳኛል። ሐጂ ሱሪ ሲሰፉ በየስፌቱ ውስጥ ሦስት፣ አራት ሴንቲ ጨርቅ ይተዉ ነበር። «ሰው ይወፍራል፣ ይከሳል፣ ልብሱን ለልጁ ያወርሳል» ይላሉ። ሱሪ ሲያጠብቡም ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፈው በእጅ ስፌት ያሲዙታል እንጂ መቀስ አያስነኩትም። «ጨርቁ ያንተ አይደለም፣ አደራ ነው» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ትርፉ ውስጥ ከቀረ ጠባብ ሱሪ ላይ ያብጣል፣ መስመሩን ያበላሻል አልኩ። አንድ ሴንቲ ብቻ አስቀርቼ ቆረጥኩና ጠርዙን በኦቨርሎክ ማሽን ዘጋሁት። ሐጂ ያስቀመጡት አደራም አብሮ ሄደ። ሥራው ግን አማረ። ከብጣሹ ደግሞ ለራሴ የመርፌ መሰኪያ ሰፋሁበት።

መምህር ለብሰው መስታወት ፊት ቆሙ። ትንሽ ዝም አሉ።

«ዘመኑ እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው መምህር፣ ሽክ ብለዋል» አልኳቸው።

ከፍለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ያንን ሱፍ ለብሰው አላየኋቸውም። ልብ ብዬም አላሰብኩበትም።

ያን ጊዜ ያልገባኝ የጨርቁ ነገር ነው። ጠባብ ልብስ ወደኛ የመጣው ዞሮ ዞሮ ነው። ፓሪስ ውስጥ ኤዲ ስሊማን የተባለ ዲዛይነር ዲዮር ለሚባለው ፋሽን ቤት የወንዶችን ልብስ መንደፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። በቀጭን ኮትና በቀጭን ሱሪ ስሙ ገነነ። ፋብሪካዎች ቀዱት። ቱርክ ሠራው፣ ቻይና ሠራው፣ በዱባይ በኩል መርካቶ ገባ፣ ከመርካቶ ደሴ ደረሰ። ግን ያ ወጣቱ የሚለብሰው የፋብሪካ ሱሪ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ኤላስታን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1958 ዱፖንት በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ ጆሴፍ ሺቨርስ የተባለ ኬሚስት የሠራው የሚለጠጥ ክር ነው፤ ላይክራ በሚለው ስም የምናውቀው። ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ ቢገባ ሱሪው ከጉልበት ጋር አብሮ ይሄዳል። የድሮ ሱፍ እንዲህ አያውቅም። የሱፍ ሱሪ ሰውነትን የሚያንቀሳቅሰው በስፋቱ ነው። ስፋቱን ስትወስድበት መንቀሳቀሻውን ነው የወሰድክበት። እኔ ይህን ሳላገናዝብ ለፕላስቲክ ክር የወጣ ልክ በ1988 ሱፍ ላይ ጫንኩ።

ስለ ጂንስም አንድ ነገር ልበል፤ ሳስበው ስለሚያሳዝነኝ ነው። ጂንስን ጂንስ ያደረገው ልብስ ሰፊ ነው። ጄኮብ ዴቪስ ይባላል፣ አሜሪካ ኔቫዳ ውስጥ ይሠራ ነበር። የሠራተኞች ሱሪ ኪሱ ላይ ቶሎ እየተቀደደ ሲያስቸግር ጥጉን በመዳብ ምስማር አጠናከረው። ጨርቁን ከሚሸጥለት ከሌቪ ስትራውስ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ግንቦት 20 ቀን 1873 የፈጠራ መብቱን አስመዘገቡ። ሰውየው የተጨነቀው ሱሪው እንዳይቀደድ ነው። ዛሬ ወጣቱ አዲስ ጂንስ ይዞልኝ ይመጣና «ጉልበቱን ቅደድልኝ» ይለኛል። እቀድለታለሁ፣ እንጀራዬ ነው። ግን በቀደድኩ ቁጥር ያ ሰው ትዝ ይለኛል።

ባለፈው ዓመት፣ ሰኔ 2017 ላይ፣ መምህር በዚያው ፌስታል የሚመስል ፌስታል ይዘው ገቡ። ጉም የጦሳን ተራራ ሸፍኖ፣ ሱቅ ውስጥ መብራት አብርቼ ነበር የምሠራው።

«ጡረታ ልወጣ ነው» አሉኝ። «ትምህርት ቤቱ ሽኝት ያደርግልኛል። አዲስ ሱፍ ልግዛ ብዬ ዋጋ ጠየቅኩ፣ ተውኩት።»

ዋጋውን አውቀዋለሁ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ሱፍ በመምህር ደሞዝ የሚደፈር አይደለም።

ሱሪውን አወጡ። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ተሰቅሎ የኖረ ልብስ ነው። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ከቤታቸው ብዙ ነገር ሄዷል፤ ይህ ግን ተርፏል።

«አሁን ደግሞ ልጆቹ ሰፊ ነው የሚለብሱት አይደል?» አሉ። «እንግዲህ እንደነበረ መልስልኝ።»

አፌ ተሳሰረ። እውነት ነው፣ ልጆቹ ሁሉ ባጊ ላይ ናቸው። ግማሾቹ ያኔ ላጠበብኩላቸው ልጆች ታናሽ ወንድሞች ናቸው።

«መምህር፣ ለምን ሳይለብሱት ቆዩ?»

«አንድ ሁለት ጊዜ ለብሼዋለሁ። ሰሌዳው ግርጌ ላይ ለመጻፍ ጎንበስ ስል ስፌቱ ጠጠር ይልብኝና ልጆቹ ፊት እሳቀቃለሁ። የሰሌዳውን ታችኛውን ክፍል ተውኩት። በኋላ ሱሪውን ተውኩት።»

ይህን ሁሉ ዓመት አልነገሩኝም። በየሳምንቱ በሱቄ በር ሲያልፉ ሰላም ይሉኝ ነበር።

«ጨርቁ የለም መምህር። ቆርጬዋለሁ።»

መልስ አልሰጡኝም። ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ተከትዬ አየሁ። የመርፌ መሰኪያው። ግራጫ፣ ቀጭን ነጭ መስመር ያለው።

ወዲያው አንስቼ ስፒሎቹን ነቀልኩ፣ ስፌቱን ተረተርኩ፣ ጥጡን አወጣሁ። ምናልባት አንድ ቦታ ይሆናል ብዬ ነው። ጨርቁን ወደ አምፖሉ አንስቼ አየሁት። ወንፊት ሆኗል። ዘጠኝ ዓመት ገደማ መርፌ ስወጋው ኖሬያለሁ።

«አብሽር» አሉ መምህር። ይቺ ቃል ከስድብ በላይ ወጋችኝ።

ሱፉን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ማሰብ ጀመርኩ። ከኮቱ የሚወሰድ ነገር የለም። የሱሪው እጥፋት አጭር ነው። የቀረው ሰደርያው ነው። ጀርባው ገበር ብቻ ነው፣ ፊቱ ግን ያው ጨርቅ ነው። ኪሱን አልፌ ብቆርጥ ከእያንዳንዱ ፊት ሁለት ሁለት ቁራጭ ይወጣል። ከጉልበት ጀምሮ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ፣ ግርጌው ላይ አምስት ሴንቲ የሚሆን። ለእያንዳንዱ እግር በውስጥም በውጭም ስፌት ሳስገባው 17ቱ 22 ይሆናል። መጀመሪያውኑ መሆን የነበረበት ማለት ነው።

ነገርኳቸው። ሰደርያውን አንስተው ትንሹን ኪስ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«የአባቴን የኪስ ሰዓት እዚህ ውስጥ አድርጌ ነው የተዳርኩት» አሉ። ከዚያ መለሱልኝ። «ቁረጠው።»

በዚያ ሌሊት ሱቁን ዘግቼ ብቻዬን ሠራሁት። ነጩ መስመር ከነጩ መስመር ጋር ጎን ለጎን ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ሦስት ጊዜ ተርትሬ ሰፋሁ። ትርፉን አልቆረጥኩም። ወደ ውስጥ አጥፌ እንደ ሐጂ በእጅ አሲያዝኩት። ያ የሰዓት ኪስ ያለበትን ቁራጭ ሳልነካ ለብቻው አስቀመጥኩላቸው።

አሁን ልብስ ለማጥበብ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ፣ ከዚያ ቁጢጥ እንዲል አደርገዋለሁ። አንዳንዱ ቸኩሎ ይነጫነጫል። ልጆች ለቲክቶክ ቪዲዮ ነው የምፈልገው ይሉኛል። ይሁን፣ ያም ቢሆን ትርፉን አልቆርጥም። ለመቁረጥ የግድ ከሆነም ቁራጩን በወረቀት ጠቅልዬ ከልብሱ ጋር እሰጣለሁ።

መምህር በማግስቱ መጡ። መጋረጃው ውስጥ ገብተው ለብሰው ወጡ። ግርጌው በትንሹ ይከፈታል። ታላቅ ወንድማቸው በ60ዎቹ ይለብሰው የነበረውን ቤልቦተም አስታወሳቸውና ሳቁ። ላስከፍል አልፈለግኩም፣ እሳቸው ደግሞ ካልከፈልኩ አሉ፤ ተጨቃጨቅን።

ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ዝቅ አሉ። ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፍ ሰው፣ ግርጌው ላይ በጣታቸው ከግራ ወደ ቀኝ አንድ መስመር ሳቡ። ዓይኔ ስፌቱ ላይ ነበር። አልተወጠረም።