ግሪፊዝ ስታዲየም በነበረበት ቦታ

በዋሽንግተን ዲሲ የመጀመሪያ ሥራዬ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አቅራቢያ በሚገኝ ፓርኪንግ ነበር። አገር ቤት ነርስ የነበርኩ ሰው እዚህ የሙያ ፈቃድ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቄ፣ መውደቄንም ለእናቴ በስልክ መንገር አቅቶኝ የሰው መኪና አቆም ነበር። ሆስፒታሉ ያረፈበት መሬት በ1965 እ.ኤ.አ. የፈረሰው የግሪፊዝ ቤዝቦል ስታዲየም እንደነበረና መቺው ይቆምበት የነበረው ስፍራ ዛሬም በሕንፃው ውስጥ ምልክት እንዳለው ያወቅሁት በዚያው ሰሞን ነው። ስለ ሜዳው ሳነብ ካገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ ከልቤ ያልወጣው ኩባዊው ኳስ ወርዋሪ ካሚሎ ፓስኩዋል ነው።

ፓስኩዋል በ1934 ሃቫና ተወልዶ በ1954 ለዋሽንግተን ሴናተርስ ተሰለፈ። በቤዝቦል ሕግ የቡድኑ ድልም ሆነ ሽንፈት በአንድ ወርዋሪ ስም ስለሚመዘገብ፣ ጓደኞቹ ነጥብ ባያመጡለት እንኳ ሽንፈቱ የእሱ ይባላል። ሴናተርስ ደግሞ ደካማ ቡድን ነበር። በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት በስሙ የተጻፈው 20 ድልና 54 ሽንፈት ነው፤ በ1956 ብቻ 18 ጊዜ ተሸንፏል። ብዙ ሰው የሚያነሣው የኋላ ዝናውን ነው፤ እኔ ግን በሰው አገር እየተሸነፈ በየተራው ኳሱን ይዞ ወደ መወርወሪያው ጉብታ የወጣባቸውን እነዚያን አራት ዓመታት አብልጬ አከብራለሁ።

በ1959 ነገሩ ተለወጠ፤ 17 አሸንፎ 10 ብቻ ተሸነፈ። በ1960 የውድድር መክፈቻ ዕለት በዚሁ በግሪፊዝ፣ ታላቁ የቦስተን መቺ ቴድ ዊሊያምስ ሆም ረን (ከሜዳው ውጭ የሚያልፍ ምት) ቢመታበትም፣ አየር ላይ በድንገት በምትታጠፈው ከርቭ ኳሱ 15 የቦስተን መቺዎችን ሦስት ሦስት ዕድላቸውን አስጨርሶ አስወጣ።

በ1961 ቡድኑ ወደ ሚኒሶታ ሄደ፤ በዚያው ዓመት የኩባ መንግሥት ፕሮፌሽናል ቤዝቦልን በማስቆሙ ፓስኩዋል በብርዱ ወራት ለሲየንፉዌጎስ ቡድን ይጫወትበት የነበረው የአገሩ ሊግ ተዘጋ። የሚያውቃቸው ሁለት ሜዳዎች ባንድ ዓመት ራቁት። በዚያ ዓመት ግን 221 መቺዎችን እንዲሁ ዕድላቸውን አስጨርሶ በማስወጣት ከሁለቱ የአሜሪካ ዋና የቤዝቦል ሊጎች አንዱ በሆነው በአሜሪካን ሊግ ቀዳሚ ሆነ፤ በ1962 እና በ1963ም በዚሁ ቀዳሚ ነበር፤ በእነዚህ ሁለት ዓመታት 20 እና 21 ጨዋታ አሸነፈ።

በ1967 ወደ ዋሽንግተን ሲመለስ ሴናተርስ የሚለውን ስም የያዘው ሌላ አዲስ ቡድን ነበር፤ ግሪፊዝም ፈርሷል። በዚያ ዓመት በሌላ ሜዳ ላይ 12 ጨዋታ አሸነፈ።