በማንኪያ፣ ትንሽ ትንሽ

ባለፈው ሐሙስ ሌሊት ልጄ ሲያስታውክና ሲያስቀምጠው አደረ። ገና 3 ዓመቱ ነው። ዓይኑ ጎድጉዷል፤ ሲያለቅስ እንባ እንኳ ጠብ አይለውም። ለተቅማጥ የሚሰጠውን የስኳርና የጨው ዱቄት፣ የኦአርኤሱን ፓኬት፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ በጠበጥኩት። እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ «በማንኪያ ነው፣ ቀስ እያልሽ። ካስመለሰው ትንሽ ጠብቀሽ ደግመሽ ስጪው» ትለኛለች። ሊነጋጋ ሲል ሸና። እኔና እሷ ተያይተን አለቀስን።

ከዚያ ወዲህ፣ እንዲህ ያለውን ብጥብጥ በስደተኞች ካምፕ ለእናቶች እጅ የሰጡት ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ከሐሳቤ አልወጡም።

በፈረንጆቹ 1934 ቤንጋል ውስጥ የተወለዱ የሕፃናት ሐኪም ናቸው። ህንድ ውስጥ ካልካታ ተማሩ፣ እንግሊዝ አገር ሠሩ፣ ተመልሰው የኮሌራ ምርምር ውስጥ ገቡ። በ1971 ዛሬ ባንግላዴሽ በምንላት አገር ጦርነት ተነሳ። 10 ሚሊዮን ገደማ ሰው ድንበር ተሻግሮ ህንድ ገባ። ካምፖቹ ውስጥ ደግሞ ኮሌራ ገባ። እሳቸው የሄዱት ድንበሩ አጠገብ ወዳለችው ቦንጋዎን ነው። ሁለት ክፍል ሙሉ በሽተኛ መሬት ላይ ተኝቷል። በደም ስር የሚሰጠውን ፈሳሽ፣ እኛ ግሉኮስ የምንለውን፣ ለመስካት ትውከቱና ሰገራው ላይ መንበርከክ ነበረባቸው። መስካት የሚችሉት የቡድናቸው አባላት ሁለት ብቻ ነበሩ። ፈሳሹም አልበቃ አለ።

ታዲያ ምን አደረጉ? 22 ግራም የግሉኮስ ዱቄት፣ 3.5 ግራም የገበታ ጨው፣ 2.5 ግራም የመጋገሪያ ሶዳ፣ ለአንድ ሊትር ውሃ። በቃ፣ ይኸው ነው። ኮሌራ የያዘው አንጀት ውሃ ብቻውን ቢጠጣ አይዝም። ስኳር ሲጨመርበት ግን ጨዉን ይዞ ይገባል፣ ውሃው ደግሞ ጨዉን ይከተላል። ይህ በምርምር አስቀድሞ ታውቆ ነበር። ግን ሐኪም ቆሞ ካልተከታተለ አደገኛ ነው የሚሉ ብዙ ነበሩ።

እኔ የሚነካኝ ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነው። ብጥብጡን ቧንቧ ባለው በርሜል ሞሉት። ኩባያውን ለእናት፣ ለወንድም፣ ለጎረቤት ሰጡ። ቅዱልን፣ አጠጡልን አሏቸው። ቀያቸውን ጥለው የተሰደዱ፣ ብዙዎቹም ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች ናቸው። ዶክተሩ ግን አመኗቸው። እኔ እናት ስለሆንኩ ይሆናል፣ እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌ እንባዬ ይመጣል። ልጇ እጇ ላይ እየደረቀባት ዝም ብላ ከማየት ሌላ ምርጫ ላልነበራት ሴት፣ ያ ኩባያ ምን ማለት እንደነበር ይገባኛል።

ከ100 በሽተኛ 30 ያህሉ ይሞት ነበር። ወደ 3.6 ወረደ።

ብዙ ሐኪሞች ለማመን ጊዜ ፈጀባቸው። በኋላ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ሕክምናውን ይዞ በየአገሩ አዳረሰው፤ እኛም ቤት ደረሰ። ዶክተር ማሃላናቢስ በጥቅምት 2022 ካልካታ ውስጥ በ87 ዓመታቸው አረፉ። ፓድማ ቪቡሻን የተባለው ትልቅ የህንድ ሽልማት የተሰጣቸው በማግስቱ ዓመት ነው። በሕይወት እያሉ ቢሆን ምን ነበረበት! ይቆጨኛል።

ትናንት ቡና እየጠጣን ለእናቴ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ሲኒዋን አስቀምጣ ሰማችኝ። ስማቸውን ሦስቴ አስደገመችኝ፣ ለመያዝ አቃታት። «ግድ የለም፣ እግዚአብሔር ያውቃቸዋል» አለችና ነፍሳቸውን ይማር ብላ አማተበች። ልጁ እግራችን ሥር በባዶው ፓኬት ይጫወት ነበር።