«ውኃውን በስንት ጊዜ ትቀይሩታላችሁ?»

ጎንደር ለዘመድ ጥየቃ በመጣሁ ቁጥር ከሥራዬም ከልጆቼ ትምህርትም በፊት የሚነሣው ወሬ፣ በስልክ ፎቶውን የላክሁት የጓሮ መዋኛ ገንዳ ነው። ዘንድሮም ቀሃ ሰፈር እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ሲቀዳ፣ አክስቴ «የኔ ልጅ፣ ያን ሁሉ ውኃ በስንት ጊዜ ትቀይሩታላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ። ዳላስ አጠገብ ያለውን ቤት ከነገንዳው ከገዛን ወዲህ ሙሉ በሙሉ ቀይረነው እንደማናውቅ ስነግራቸው ስኒያቸውን አስቀመጡና «የቆመ ውኃማ ይሸታል፤ የፋሲል እንኳ ለጥምቀት ይሞላል፣ ከዚያ ይለቀቃል» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ከልብ መልስ የሚገባው ነው። የጎንደር ሰው ስለ መዋኛ ሲያስብ በዓይኑ የሚመጣው በዐፄ ፋሲል ስም የሚጠራው፣ የዋርካ ሥር ግንቡን ያቀፈው ትልቁ መዋኛ ነው። ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውኃ ተጠልፎ ይገባበታል፤ ጥር 11 ቀን ካህናቱ ከባረኩት በኋላ ወጣቱ እየዘለለ ይገባበታል፤ ከዚያ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ ይከርማል። ውኃው ለመበላሸት የሚሆን ጊዜ የለውም። የእኛ ገንዳ ግን 57,000 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 2,850 ጊዜ መሙላት ማለት ነው። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበትና ሮቶ በማይታጣበት ከተማ ይህን ቁጥር ጮክ ብሎ መናገር ያሳፍራል፤ ሆኖም ውኃው የማይለወጥበት ምክንያት ራሱ ይኸው ብዛቱ ነው። ተለውጦ የሚቻል አይደለም፤ ያለውን ማጽዳት ግን ይቻላል።

የማጽዳቱ ሥራ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ፓምፑ ውኃውን ከገንዳው እየሳበ በማጣሪያ አሳልፎ መመለሱ ነው። ሁለተኛው ማጣሪያው የማይዘውን ጀርም በክሎሪን መግደል ነው። ለአክስቴ ያስረዳኋቸው በሚያውቁት ነው፤ ልብስ የሚያነጡበት በረኪናና ድሮ ከመጠጥ ውኃ ጋር ይቀላቅሉት የነበረው «ውኃ አጋር» ከገንዳው ፈሳሽ ክሎሪን ጋር አንድ ንጥረ ነገር ናቸው፤ የሚለያዩት በጥንካሬያቸው ብቻ ነው። መዋኛ ውኃ ውስጥ ያለው ነጻ ክሎሪን (ገና ከምንም ያልተዋሐደው) በሊትር ከ1 ሚሊግራም፣ የፀሐይ መከላከያ ኬሚካል የተጨመረበት ከሆነ ደግሞ ከ2 ሚሊግራም ማነስ የለበትም። የውኃው ፒ ኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ7.0 እስከ 7.8 ባለው መካከል መቆየት ይኖርበታል፤ ከዚያ በላይ ሲወጣ ክሎሪኑ ቢኖርም ኃይሉን ያጣል፣ ከታች ሲወርድ ደግሞ ዓይን ያቃጥላል፣ ብረትና ልስን ይበላል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ደጋግሜ የምጠቀምበት ዕቃ መዋኛ ልብስ ሳይሆን ቀለሙን የሚለውጠው መመርመሪያ ወረቀት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የፀሐይ መከላከያ ያልሁት ሳያኑሪክ አሲድ የሚባለውን ነው። በክፍት ሜዳ ላይ ያለ ክሎሪን በቴክሳስ ፀሐይ ጥቂት ሰዓት ሳይቆይ ይጠፋል፤ ይህ ኬሚካል ግን ከጨረሩ እየከለለ ያቆየዋል። ከሚሸጡት የክሎሪን እንክብሎች አብዛኞቹ ይህንኑ ይዘው ይመጣሉ፤ ችግሩ ውኃው በሙቀት ሲተን እርሱ አብሮ አይሄድም፣ ማጣሪያም አያወጣውም። ዓመት በዓመት እየተጠራቀመ መጠኑ ሲበዛ ክሎሪኑን አስሮ ሥራ ያስፈታዋል፤ ያን ጊዜ መፍትሔው የውኃውን ከፊል አፍስሶ በአዲስ መተካት ብቻ ነው። ስለዚህ የአክስቴ ነገር ሙሉ በሙሉ ስሕተት አይደለም፤ የቆመ ውኃ፣ ቢዘገይም፣ መልቀቅን መጠየቁ አይቀርም።

ስለ ሽታውም ብዙ ሰው ተገላቢጦሹን ነው የሚያምነው። ገንዳ አጠገብ ሲደርሱ አፍንጫ የሚወጋው ሽታ የክሎሪን መብዛት ምልክት ይመስላል፤ እውነቱ ግን ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው ክሎራሚን የሚባል ነገር ነው፤ ይህም ክሎሪኑ አንሷል ወይም ዋናተኛው ሳይታጠብ ገብቷል ማለት ነው። ልጆች ከዋና በኋላ ዓይናቸው የሚቀላውም በአብዛኛው በዚሁ ነው። በደንብ የተያዘ ገንዳ ሽታው እምብዛም አይሰማም። በዚህ ምክንያት ቤታችን ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ፣ ሽማግሌም ቢሆን፣ ከመግባቱ በፊት ሻወር እንዲወስድ እንጠይቃለን፤ መጀመሪያ ላይ ቅር ያላቸው ነበሩ፣ አሁን ግን ተላምደውታል።

የቀረው ሥራ ጉልበት እንጂ ዕውቀት አይጠይቅም። ቅጠልና ነፍሳት በመረብ ይለቀማሉ፤ ግድግዳውና ደረጃው በሳምንት አንድ ጊዜ በብሩሽ ይፈተጋል፤ የፓምፑ ቅርጫት ይራገፋል። የእኛ ማጣሪያ አሸዋ የተሞላ ነው፤ በላዩ ያለው የግፊት መለኪያ ማጣሪያው ንጹሕ ሳለ ከሚያሳየው ቁጥር ከ8 እስከ 10 ፒ ኤስ አይ (የግፊት መስፈሪያ) ያህል ጨምሮ ሲገኝ ውኃውን በተቃራኒው አቅጣጫ ልኮ ማጠብ ያስፈልጋል። ፓምፑ ፍጥነቱ የሚቀያየር ቢሆን ይመረጣል፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚበላው ኤሌክትሪክ ወደ አንድ ስምንተኛ ስለሚወርድ ቀስ ብሎ ረዥም ሰዓት ማሠራቱ ያዋጣል። በዚህ ሁሉ መሐል ፈጽሞ የማልታገሠው ነገር ኬሚካል መቀላቀል ነው። አሲድና ክሎሪን ከተገናኙ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ ሁለት ዓይነት የደረቀ ክሎሪን እንኳ በአንድ ማንኪያ ከተነካካ እሳት ሊነሣ ይችላል። ኬሚካሉ ወደ ውኃ ይጨመራል እንጂ ውኃ በኬሚካሉ ላይ አይፈስም። ማስቀመጫ ሳጥኑን ቆልፌ ቁልፉን የማስቀምጠው ልጆች በማያገኙት ቦታ ነው።

ጎንደር ዝናብ በዝናብ በሆነበት በሐምሌና በነሐሴ ዳላስ ላይ ከ38 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ቀናትን ተከታትሎ ይውላል። የገንዳው ውኃ ራሱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ አልጌ የሚወደው ይህን ነው፣ ጥንቃቄ ለጥቂት ቀን ከላላ ውኃው አረንጓዴ ይሆናል። እኔ አሁን እዚህ እያለሁ የአዘዞ ልጅ የሆነ የዳላስ ጎረቤቴ ማታ ማታ እየሄደ ይመለከትልኛል፤ የመመርመሪያ ወረቀቱን ፎቶ ይልክልኛል፣ እኔ ከቀሃ ሆኜ «ትንሽ ክሎሪን ጨምርበት፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይሁን» እለዋለሁ። ከፀሐይ በኋላ የሚጨመረው ክሎሪን ሌሊቱን ሙሉ ሳይባክን ስለሚሠራ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ ከጎንደር ሆኖ ዳላስ ያለ ውኃ የሚያዝዝ ሰው አይታ እንደማታውቅ ትናገራለች።

ደስታው ታዲያ ወዴት ነው ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ደስታው ከሥራ መልስ ነው፤ መንገድ ላይ ከመኪናው የወጣ ሙቀት ከአስፋልቱ ሙቀት ጋር ተደምሮ ራስ ሲያዞር ቤት ገብቶ እስከ አንገት ድረስ ውኃ ውስጥ መቆም ነው። ልጆቹ ከስልካቸው በራሳቸው ፈቃድ የሚላቀቁት በዚያች ሰዓት ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተሰቦች ይሰበሰባሉ፤ ፍልሰታ ላይ ከሆነ ማዕዱ ሽሮ፣ ምስር፣ የሱፍ ፍትፍት ነው፣ ቡናው ከገንዳው ዳር ከጥላው ሥር ይፈላል። ባርቤኪው የለመዱ አሜሪካውያን ጎረቤቶቻችን የዕጣኑ ሽታ አጥር ተሻግሮ ሲደርሳቸው ብቅ ማለት ጀምረዋል፤ ከእኛ ሽሮ የወደዱትን ያህል በጾሙ ርዝመት ይገረማሉ።

ነገር ግን ከእኛ ሰው ጋር ገንዳ ዳር መቀመጥ የራሱ ሥጋት አለው፤ ይህን ዝም ብዬ አላልፈውም። እኔ ዋናን የለመድሁት በልጅነቴ ቀሃ ወንዝ ውስጥ ነው፤ የሰፈሬ ወንዶች ልጆች ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው። ቤታችን ከሚመጡት አዋቂዎች ግን፣ በተለይም ከእናቶች፣ መዋኘት የሚችል ጥቂት ነው። ልጅ ገንዳ ውስጥ ችግር ቢገጥመው ዘሎ የሚያወጣው ሰው አጠገቡ ላይኖር ይችላል ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናትን በብዛት የሚገድለው መስጠም እንደሆነ ብዙው ወላጅ አያውቅም። የሚሰጥም ልጅ ደግሞ ፊልም ላይ እንደምናየው አይጮኽም፣ እጁንም አያውለበልብም፤ አፉ ውኃው ውስጥ ስለሚገባ ድምፅ ማውጣት አይችልም። አሥር ሰው ዙሪያውን ተቀምጦ እየተጨዋወተ ልጁ በጸጥታ ሊሰጥም ይችላል፤ አሥር ሰው ሲኖር ደግሞ እያንዳንዱ ሌላው ያያል ብሎ ያስባል።

ስለዚህ ገንዳው በአራቱም በኩል ቢያንስ 1.2 ሜትር ከፍታ ባለው አጥር ተከቧል፤ በሩ ለቀቅ ሲያደርጉት በራሱ ተዘግቶ በራሱ ይቆለፋል። የቤቱ ግድግዳ እንደ አንድ የአጥር ወገን እንዲቆጠር አልፈቀድሁም፣ ምክንያቱም ሕፃን ከሳሎን ወጥቶ የሚገባው በዚያ ነው። የታችኛው ማፍሰሻ ክዳን በሕግ የሚጠየቀው ዓይነት ነው፤ ይህ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የቀድሞው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የጄምስ ቤከር የልጅ ልጅ በሙቅ ውኃ ገንዳ ማፍሰሻ ኃይለኛ ስበት ተይዛ ከሞተች በኋላ ነው። እንግዳ ሲኖር ደግሞ መዋኘት የሚችል አንድ አዋቂ በተራ ጠባቂ ይሆናል፤ በተራው ስልክ አይነካም፣ ቡና እንኳ ቢሆን ተራው ሲያልቅ ነው የሚጠጣው። ይህን ደንብ ከልክ በላይ ነው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። አልቀይረውም። ልጆቻቸውን ግን ዋና ትምህርት እንዲያስገቡ አሳምኛለሁ፤ ከእናቶቹም መማር የጀመሩ አሉ።

ሌላው የጎንደር ልጅ በመሆኔ የሚከነክነኝ የሚተነው ውኃ ነው። የገንዳችን ስፋት 40 ካሬ ሜትር ያህል ስለሆነ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ሲቀንስ 200 ሊትር፣ ማለትም 10 ጀሪካን፣ ሄደ ማለት ነው፤ በነሐሴ ቀን ከዚህም በላይ ይቀንሳል። ጎረቤቶቼ ገንዳቸውን በዳላስ የብርድ ወራት ብቻ ነው የሚሸፍኑት። እኔ በሙቀቱ ወራትም ሌሊት ሌሊት እሸፍነዋለሁ፤ መሸፈኛ የሚጨመረውን ውኃ ከ30 እስከ 50 በመቶ፣ የሚፈጀውን ኬሚካል ደግሞ ከ35 እስከ 60 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ይገልጻል። ቅነሳው ከመትነን ይሁን ከመፍሰስ የተጠራጠረ ሰው ባልዲ ሞልቶ የገንዳው ደረጃ ላይ ያስቀምጥ፤ በማግሥቱ ገንዳው ከባልዲው ይልቅ ከጎደለ ቀዳዳ አለ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ በዚህ ክረምት የማብራራው አክስቴ ስለጠየቁኝ ብቻ አይደለም። ታናሽ ወንድሜ ከግቢያችን ጎን የእንግዳ ማረፊያ እየሠራ ነው፤ ለጥምቀት የሚመጣው ጎብኚ ይወደዋል ብሎ 30,000 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ሊጨምርበት ይፈልጋል። ሐሳቡን አልነቀፍሁትም፤ ነገር ግን ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ባለፈ ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐይዋ ኃይለኛ ስለሆነች ክሎሪን ትበላለች፣ ሌሊቷ ደግሞ ስለሚቀዘቅዝ ውኃው በጥር ለዋና የሚያጓጓ አይሆንም። መብራት በጠፋ ቁጥር ማጣሪያው ይቆማል። ከሁሉም በላይ የከተማው ቧንቧ የሚጠጣውን ሕዝብ ማጥገብ ባቃተው ጊዜ፣ ከተማዋ ውኃ የምታገኝበት አንገረብ ግድብም በደለል መሞላቱ የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ ለገንዳ ከቧንቧ መቅዳት ጎረቤት ፊት የሚያስቆም አይደለም።

መውጫው ጣሪያው ላይ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው፤ ጎንደር በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሚዘንብ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ፣ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ፣ ገንዳውን ሞልቶ ለአትክልትና ለልብስ ማጠቢያ ይተርፋል። አብዛኛው የሚዘንበው በክረምት ስለሆነ ግን ማጠራቀሚያው ከገንዳው መቅደም አለበት። የዝናብ ውኃ ካልሲየም የለውም፤ በሲሚንቶ በተለሰነ ገንዳ ውስጥ ሲቆም ካልሲየሙን ከልስኑ እየመጠጠ ያሻክረዋል፣ ስለዚህ ካልሲየም ክሎራይድ መጨመር ግድ ነው። ዳላስ ላይ የኔ ጣጣ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ቧንቧው ኖራ ስላለበት ሸክላው ላይ ነጭ መስመር ይጥላል፣ እርሱን ስፈትግ ነው የምውለው።

ወንድሜ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የተቀበለኝ የጣሪያውን ነው። አሸንዳውን ባለፈው ሳምንት አሰረ፤ ለማጠራቀሚያው ጉድጓድ እየተቆፈረ ነው። ስለ ገንዳው አጥር ገና አልተስማማንም፤ እርሱ ለእይታ እንዲያምር በሦስት ወገን ብቻ ይሁን ይላል፣ እኔ ደግሞ አራተኛው ካልተሠራ ለፓምፑ የማዋጣውን ገንዘብ እንደማልልክ ነግሬዋለሁ።