ሐሙስ ጠዋት ለሚያንኳኩት

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ!

ይህን የምጽፈው ጳጉሜን 3 ቀን ማታ ነው። ከሰዓት በኋላ የሩፋኤል ዝናብ ወርዶ የሰፈሩ ልጆች «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያሉ ሲታጠቡ ዋሉ። እኔ ግን ከቅዳሜ ጀምሮ ጣቴ ላይ የተጣበቀውን ቢጫ ቀለም በሳሙናም በጠበልም ማስለቀቅ አቅቶኛል። ቢጫው የአደይ አበባ ቢጫ ነው። እንዴት እንደተቀባሁ ልንገራችሁ።

አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በፈቃደኝነት ከሚያገለግሉ አሥራ ሁለት ሰዎች አንዱ ነኝ። ስም የለንም፤ ማኅተምም የለንም። የሙዚየሙ ሠራተኞች «ወዳጆች» ይሉናል። የጥበቃው ሰው ደግሞ «ወንበር አንሺዎቹ መጡ» ይላል፤ የእሱ አጠራር ወደ እውነቱ ይቀርባል። በየወሩ ጥቂት ብር እናዋጣለን። ገንዘቡን የሚይዘው ባንክ የሚሠራው ወዳጃችን ነው፤ ለአንድ እሽግ ሻማ እንኳ ደረሰኝ ካላመጣችሁ እያለ በየወሩ ያስለቅሰናል። ከዚያ ውጭ ሥራችን እንግዳ መቀበል፣ ተማሪ ማስጎብኘት፣ ሻይ ማፍላት፣ ዐውደ ርዕይ ሲከፈት ወንበር መደርደር፣ ሲያልቅ ወንበር ማንሳት ነው።

ዘንድሮ አንድ ነገር ጨመርን። የአሁን ልጆች ለእንቁጣጣሽ ይዘውት የሚዞሩት ሥዕል በአብዛኛው ፎቶ ኮፒ ነው። አንድ መልአክ፣ ሁለት አደይ አበባ፣ ከላይ «እንኳን አደረሳችሁ»፤ ሱቁ አባዝቶ ይሸጠዋል፣ ልጁ እዚህም እዚያም ቀለም ነካ ነካ አድርጎበት ይወጣል። ልጆቹን አልፈርድባቸውም፤ ወረቀቱ ርካሽ ነው፣ የሚያንኳኩት በር ደግሞ ብዙ ነው። እኛ ግን ጳጉሜን 1 ቀን ቅዳሜ በሙዚየሙ በረንዳ ላይ ረጅም ጠረጴዛ ዘርግተን፣ የሰፈሩን ልጆች በእጃችሁ ሳሉ አልናቸው። ሃያ ልጅ ይመጣል ብለን ነበር። ስንት እንደመጡ የቆጠረ የለም፤ ወረቀቱ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ አለቀና ከዚያ ወዲያ የተሳለው ባለፈው ዐውደ ርዕይ በተረፈ የመጥሪያ ካርድ ጀርባ ላይ ነው። ዝናቡ በጎን ሲገባብን፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንለው ጡረተኛው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ለአንድ ሰዓት ያህል ሸራ ወጥሮ እንደ ምሰሶ ቆመ።

አንዱ ልጅ የሳለው መልአክ የሞተር ሳይክል ቆብ አድርጓል። ለምን አደረግህለት አልኩት።

«ስለሚበር» አለኝ።

እኔ በዘጠኝ ዓመቴ የሳልኩት መልአክ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አልነበረውም፤ አንድ ክንፉ ከሌላው በእጥፍ ይበልጥ ነበር። ያንን ሥዕል ይዤ በሰፈራችን ስዞር ስሙኒ የሰጡኝ ብዙ ነበሩ። ሥዕሉን ግን ከምር ያዩልኝ አንዲት ጎረቤታችን ብቻ ናቸው። እትዬ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ይዘው ወጡና ትልቁን ክንፍ በጣታቸው እየነኩ «ይሄኛው ይከብደው ይሆን?» አሉ። ከዚያ በዱቄት ሙጫ የብፌው በር ላይ ለጠፉት። ከጎኑ የሌሎች ልጆች፣ የሌላ ዓመት ሥዕሎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ጠርዛቸው ተጠቅልሏል። እንግዳ ሲመጣ «ይሄ የዚያ የታች ቤቱ ልጅ ነው፣ ያኛው አሁን አድጎ ሐዋሳ ገብቷል» እያሉ በየተራ ያሳዩ ነበር። እትዬ ሙዚየም ገብተው አያውቁም። ነገር ግን ሥዕል ይቀበላሉ፣ ለሠዓሊው ይከፍላሉ፣ ይሰቅላሉ፣ ያስጎበኛሉ፣ ታሪኩን ያስታውሳሉ። እኛ አሥራ ሁለት ሆነን የምንሠራውን እሳቸው ከወጥ ቤት ሳይርቁ ብቻቸውን ይሠሩት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ኑዛዜ አለብኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ወዳጆቹን ስቀላቀል ሥራው ማስረዳት መስሎኝ ነበር። ሥዕል ፊት ለፊት የቆመ ሰው ባገኘሁ ቁጥር አጠገቡ ደርሼ ያነበብኩትን ሁሉ እዘረግፍበት ነበር። የተገላገልኩት ባለፈው ጥር ነው።

አንዲት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተዋል፤ በሩ ላይ ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ ሲሉ ልጅቷ አፍራ ከለከለቻቸው። ቀይና ጥቁር ብቻ ያለበት አንድ ትልቅ ሸራ ፊት ቆመው «ይሄ ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ። ምን ይጠየቃል! አብስትራክት ስለሚባለው ረቂቅ ሥዕል አመጣጥ፣ ስለ አውሮፓ ትምህርት ቤቶች፣ ስለ ቀለምና ስለ ስሜት ተነተንኩላቸው። ጨዋ ናቸው፤ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ከመስኮቱ ገብቶ ግማሹን ሸራ የሸፈነውን የከሰዓት ፀሐይ በእጃቸው እያሳዩ «እኔ ይሄን ነው የምልህ። ፀሐይ እየበላው ዝም ትላላችሁ? መጋረጃ የለውም?» አሉ።

በዚያ ክፍል ስንት ቅዳሜ ቆሜያለሁ፤ ፀሐይዋን አንድም ቀን አላየኋትም። በሳምንቱ እማማ የተሰፋ ነጭ አቡጀዲ በፌስታል ይዘው ተመለሱ። የሙዚየሙ ባለሙያም ትክክል ናቸው አለ፤ ተለክቶ መስኮቱ ላይ ተሰቀለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እማማ አሥራ ሁለተኛዋ ወዳጃችን ሆኑ፤ መጋረጃውን የሚከፍቱትም የሚዘጉትም እሳቸው ናቸው።

መጋረጃ ማለት ለእሳቸው ምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። በጣና ደሴቶች ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው ያውቀዋል፦ የመቅደሱ ሥዕል በመጋረጃ ተሸፍኖ ይኖራል፤ ካህኑ ገለጥ ያደርጉና በዘንግ እየጠቆሙ ታሪኩን ይነግራሉ፣ ሲጨርሱም መልሰው ይጋርዳሉ። በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ጎብኚን ማስጎብኘት እ.ኤ.አ. በ1907 ተጀመረ ሲባል በሰማሁ ቁጥር እነዚያ ካህን ዘንጋቸውን ይዘው ፊቴ ይደቀናሉ። የሉቭር ሙዚየም ወዳጆች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1897 ፓሪስ ውስጥ ተመሥርቷል፤ መቶ ዓመት ያለፈው አንጋፋ ነውና እጅ እንነሣለን። ግን በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከእመቤታችን እግር ሥር በደረታቸው ተደፍተው ተስለዋል። አሠሪው፣ ደጋፊው፣ ወጪ ሸፋኙ ከሥዕሉ ግርጌ ይተኛል፤ ደንቡ ነው። ከእኛ መካከል ብዙውን ጊዜ ሥዕል ሥር ተደፍቶ የሚገኘው ጋሼ ነው፤ እሱም ማከፋፈያ ሲጠግን።

ረቂቅ ሥዕል ያልኩት ነገር ራሱ ከዚያ መጋረጃ ብዙም የራቀ አይደለም። የረቂቅ ሥዕል ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1924 ዓ.ም. ሐረር ሲወለድ አባቱ ቅዱሳት መጻሕፍትን የሚጽፉና የሚያስጌጡ ካህን ነበሩ። ልጁ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ተመለሰና ሥራዎቹን አዲስ አበባ ላይ ሲያሳይ፣ ይህ የውጭ አገር ነገር ነው የሚል ወቀሳ ተከተለው። እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት አሜሪካ ውስጥ አረፈ። ጀርመን አገር የቆዩ ሥዕሎቹ ወደ አገር ተመልሰው፣ በስሙ የተሰየመው ሙዚየም ስድስት ኪሎ በሩን የከፈተው ሠዓሊው ካረፈ ከ27 ዓመት በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሸራዎቹን ከፀሐይና ከእርጥበት ሲጠብቁ የኖሩ ሰዎች አሉ፤ ማን እንደሆኑ ግድግዳው ላይ አልተጻፈም።

ፀሐይ ሁልጊዜ ጠላት ናት ማለቴ ግን አይደለም። በሚያዝያ ስለ እማማ መጋረጃ ለተማሪዎች ስናወራ አንዱ «የአፍሪካ አዳራሽስ?» ብሎ አፋችንን አስያዘን። ልክ ነው፤ እዚያ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ነው፣ ፀሐይ ካልመታው ጭራሽ አይነበብም።

ስለ ተማሪዎች ካነሣሁ አይቀር፣ የዘንድሮው ምርጥ ቀናችን መካኒሳ ዞማ ሙዚየም ያሳለፍነው ነው። ዞማን ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ መሥርተው በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ ከፍተውታል፤ ግድግዳው ከጭቃና ከጭድ ነው፣ ላዩም እንደ ጥልፍ በቅርጽ ተሞልቷል። ሙዚየም ሲባል መስታወትና እብነ በረድ የጠበቁት ልጆች በሩ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። አንደኛዋ «ይሄማ የአያቴ ቤት ነው!» አለች። ቀጥላም ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ስንት ቀን መሰንበት እንዳለበት፣ ክረምት ሲወጣ ደግሞ ለመስቀል እንዴት እንደሚለቀለቅ ለመምህሯ ማስረዳት ጀመረች። እኔ ዝም አልኩ። እማማ ጎኔን በክርናቸው ነካ አደረጉኝ፤ ጎበዝ ማለታቸው ነበር። ኤልያስ ከምናለሽ ተራ በሚለቀም የኮምፒውተር ቁልፍና ሽቦ እንዴት ያሉ ሰፋፊ ሥራዎችን እንደሚሠራ የነገርኳቸው ወደ ቤት ስንመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሲጠይቁኝ ነው።

ጠብም ነበረን፤ በዓል ነው ብዬ አልደብቀውም። ከጎብኚዎች የሚበዙት አማርኛ አንባቢ ሆነው ሳለ መግለጫው በእንግሊዝኛ ብቻ ሲሆን እንዴት ይሆናል ብለን የአማርኛውን ልናዘጋጅ ተነሣን። ሦስት ወር በቃላት ተጣላን። ጡረታ የወጡት የኬሚስትሪ መምህርት «ረቂቅ» የሚለውን አልቀበልም አሉ፤ ረቂቅ ማለት በዓይን የማይታይ ነው፣ ይሄ ግን ሁለት ሜትር ተኩል ነው አሉ። ዐውደ ርዕይ የሚያዘጋጀውን ባለሙያ «አጋፋሪ» እንበለው ያለ ሲነሣ፣ ሌላው አጋፋሪ ግብር ላይ ሰው የሚያስገባና የሚያስወጣ ነው ብሎ ተቃወመ። «ታዲያ ምን ሲሠራ አይተኸው ነው?» ተባለ። እስካሁን አልተስማማንም። «ረቂቅ» ግን አሸንፏል፤ መምህርቷ ድምፅ ተዓቅቦ አድርገዋል።

ከመካከላችን አንዷን ዘንድሮ ለአሜሪካ ሸኝተናታል። ዋሽንግተን ላላችሁት ደግሞ ከእሷ የተላከ ወሬ አለኝ። ለጉዳይ ኤምባሲያችን ሄዳ እስክንድር ቦጎሲያን ከከበደች ተክለአብ ጋር የሠራውን ትልቅ የግድግዳ ሥራ አየች። እስክንድር በዚያው ከተማ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተምሮ እ.ኤ.አ. በ2003 ያረፈ ሠዓሊ ነው። ልማድ ሆኖባት አጠገቡ ሄዳ ቆመች። ትንሽ ቆይተው አንድ አባት መጥተው «ተራ የሚያዘው እዚህ ነው?» አሏት። አይደለም ብላ፣ እግረ መንገዷን ሥራውን አሳየቻቸው። ሌላ ሰው መጣ፣ ሌላም። «እዚህም ወንበር ማንሳት ጀመርኩ» ብላ ጻፈችልን።

እንግዲህ ሐሙስ መስከረም 1 ነው። ቅዳሜ በረንዳችን ላይ የሳሉት ልጆች ሥዕላቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ እህቶቻቸው «አበባየሆሽ» እያሉ ከፊት ወይም ከኋላ ይሆናሉ። ወረቀቱ ጀርባ ላይ የዐውደ ርዕይ መጥሪያ ታትሞበት ካያችሁ የእኛ ነው፤ ቀኑ ስላለፈ አትሂዱ። የሞተር ሳይክል ቆብ ያደረገ መልአክ የደረሰው ሰው ደግሞ ፎቶ አንሥቶ ይላክልኝ፤ ልጁ ለማን እንደሚሰጠው ሊነግረኝ አልፈለገም።

መስከረም 3 ቀን ቅዳሜ ጠዋት እንደ ወትሮው እንገኛለን። እማማ ጉልበታቸውን ስላመማቸው መጋረጃውን የሚገልጥ አንድ ረጅም ሰው እንፈልጋለን። እስከዚያው መልካም በዓል፤ ሐሙስ ጠዋት ውሻችሁን እሰሩልን፣ ዝርዝር ብርም ያዙ።