አያያዥ ቃል መጨረሻ ላይ ይገባል

አቃቂ ቃሊቲ ዳር በወንዙ ውኃ ስለሚለማው የአትክልት ማሳ የምርምር ዘገባ ስጽፍ፣ ከቁጥሮቹ ትንተና ይልቅ ጊዜ የወሰደብኝ ዐረፍተ ነገሮቹን ማያያዝ ነበር። "በተጨማሪም" እና "ስለዚህ" በየመስመሩ መሰካት ቀላል ነው። ነገር ግን "ስለዚህ" ያለ ጸሐፊ የምክንያትና የውጤት ማስረጃ አለኝ ማለቱ ነው፤ ማስረጃው ከሌለው ቃሉን መጻፍ የለበትም።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ከረቂቁ ላይ አያያዦቹን በሙሉ እሰርዛለሁ። ከዚያ በሁለት ዐረፍተ ነገሮች መካከል ያለውን ዝምድና በኅዳጉ ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ፦ ቅደም ተከተል፣ ምክንያት፣ ንጽጽር፣ ማሳያ ወይም ጭማሪ። ለዝምድናው የሚስማማውን አያያዥ የማስገባው ከዚያ በኋላ ነው። ዝምድናው አልታይ ካለኝ በመሃሉ የጎደለ ሐሳብ አለ፣ ወይም አንደኛው ዐረፍተ ነገር ቦታው ሌላ አንቀጽ ነው። "ጭማሪ" ከተደጋገመ አንቀጹ ዝርዝር ሆኗል፤ ወደ ሠንጠረዥ ቢሄድ ይሻላል።

የተሳሳተ አያያዥ ጉዳቱ የሚከፋው የአሠራር ዘዴ ክፍል ላይ ነው። "ናሙናው ተጣርቷል፤ በተጨማሪም ናይትሪክ አሲድ ተጨምሮበታል" የሚለውን ያነበበ ሰው የቱ እንደቀደመ አያውቅም። ውኃው ውስጥ የሟሙ ብረቶችን ለመለካት ናሙናው በቅድሚያ በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ያልፋል፤ አሲዱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲቀንስ አሲድነቱ ይጨምራል) ከ2 በታች እስኪወርድ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አሲዱ ደለሉ ላይ የተጣበቀውን ብረት ያላቅቅና የሟሟው መጠን ከእውነቱ በላይ ይነበባል። ስለዚህ "ናሙናው ከተጣራ በኋላ፣ ፒኤቹ ከ2 በታች እስኪሆን ናይትሪክ አሲድ ተጨመረበት" ብዬ እጽፋለሁ። ሙከራውን የሚደግመው ሰው የሚተማመነው በዚያች "በኋላ" ላይ ነው።

የዘገባው የውይይት ክፍል ላይ የምጠነቀቀው ቦዝ አንቀጽን፣ ማለትም እንደ "ጨምሮ" ያለ ዐረፍተ ነገሩን የማይቋጭ ግስን ነው። "ዝናቡ ጨምሮ ድፍርስነቱ ከፍ አለ" ጊዜን ይናገር ወይስ ምክንያትን አይለይም። ምክንያቱን ካረጋገጥኩ "ጎርፉ አፈር ስላስገባ" እላለሁ፤ አብረው መታየታቸውን ብቻ ካየሁ "ዝናቡ በጨመረባቸው ሳምንታት" እላለሁ።

ብዙ ጊዜ ደግሞ አያያዥ ከነጭራሹ አያስፈልግም። አንዱ ዐረፍተ ነገር ያመጣውን አዲስ ነገር ቀጣዩ አንስቶ ከጀመረ ሐሳቡ ራሱ ይያያዛል፦ "ትንሹ አቃቂ ወንዝ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። ግድቡ ውስጥ የውኃው ፍጥነት ስለሚቀንስ ደለሉ ይዘቅጣል። ከደለሉ ጋር የተጣበቁ ብረቶችም አብረው ይወርዳሉ።" "ይህ"ንም ብቻውን አላቆመውም፤ "ይህ ጭማሪ"፣ "ይህ ልዩነት" ብዬ ስም እሰጠዋለሁ።

"ግን" የሚነጻጸረውን ቃል ተከትላ ስትገባ ግልጽ ትሆናለች፦ "የክረምት ዝናብ የሟሙ ጨዎችን ያቀጥናል፤ ድፍርስነትን ግን ያባብሳል።" "ይሁን እንጂ"ን የማስቀምጠው አንቀጹ በሙሉ አቅጣጫ ለሚቀይርበት ቦታ ነው።

በመጨረሻ የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ብቻ አውጥቼ በተከታታይ አነባለሁ። የሚቆራረጥ ቦታ ካለ ከአያያዡ በፊት የአንቀጾቹን ቅደም ተከተል አስተካክላለሁ።