መኮንኑ ቡና ቀጂ የሚሆንበት ጠዋት፦ የካመሮን ቀን እንዴት ይከበራል?

በተለምዶ ሌጊዮን የሚባለው የፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ጦር ከዓመቱ በዓላት ሁሉ የሚያስበልጠው ሜክሲኮ ውስጥ ካመሮን በተባለ ቦታ የተሸነፈበትን ቀን ነው። በየዓመቱ ኤፕሪል 30 ገና በማለዳ መኮንኖችና የበታች ሹማምንት ቡና ይዘው ወደ ወታደሮቹ መኝታ ክፍል ይገባሉ። ወታደሩ ከአልጋው ሳይወርድ አለቃው ራሱ ይቀዳለታል። ብዙ ሰው ይህን እንደ አንድ ቀን ቀልድ ብቻ ያየዋል። ሳቅ በሳቅ ነው፤ ግን ከኋላው ያልተጠጣ ቡና አለ፣ እሱን ያላወቀ ሰው የቀረው ሥርዓት አይገባውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 የፈረንሳይ ጦር የሜክሲኮዋን ፑዌብላን ከቦ ነበር። ከቬራክሩዝ ወደብ የከበባ መድፎች፣ ጥይትና 3 ሚሊዮን ፍራንክ የጫነ ቅፍለት ይመጣ ስለነበር መንገዱን እንዲያጣራ የ1ኛ ሻለቃ 3ኛ ሻምበል ጦር ታዘዘ። የሻምበል ጦሩ የራሱ መኮንኖች በሙሉ ታመው ስለነበር ካፒቴን ዣን ዳንዡ መሪነቱን በፈቃዱ ወሰደ፤ ምክትል መቶ አለቃ ቪሌንና ምክትል መቶ አለቃ ሞዴም ተከተሉት። 3 መኮንኖችና 62 ወታደሮች፣ በድምሩ 65 ሰው፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተነስተው ተጓዙ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ፓሎ ቬርዴ ላይ ቆመው የቡና ውሃ ጣዱ። ቡናው ሳይደርስ የሜክሲኮ ፈረሰኞች ብቅ አሉ። ውሃው ተደፋ፣ ጀበናው ሳይሆን ጠመንጃው ተነሳ።

ወደ ካመሮን እርሻ ቅጥር እያፈገፈጉ ሳለ ስንቅ፣ ውሃና ጥይት የጫኑት በቅሎዎች ደንብረው ጠፉ። የቀኑ መከራ በሙሉ ከዚህ ይጀምራል፦ ግንቡ 3 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ ግቢው በየጎኑ 50 ሜትር የሆነ፣ ውስጡ ግን አንድ ጠብታ ውሃ የሌለው ቦታ ላይ፣ በሚያዝያ ፀሐይ፣ በእጃቸው ባለው ጥይት ብቻ ቀሩ። በኮሎኔል ሚላን የሚመራው የሜክሲኮ ጦር 2,000 ያህል ነበር። ዳንዡ እኩለ ቀን ሳይሞላ ወደቀ፤ ከሰዓት በኋላ ቪሌን ተከተለው። ምሽት 12 ሰዓት ላይ ሞዴና ጥቂት ወታደሮች የመጨረሻ ጥይታቸውን ተኩሰው በሳንጃ ወጡ። ከእነሱ መካከል የተረፉት መሣሪያቸውን እንደያዙና ቁስለኞቻቸው እንዲታከሙ ጠይቀው ተፈቀደላቸው። ቅፍለቱ ግን ፑዌብላ በደህና ገባ።

እንግዲህ አለቃ ዛሬ የሚቀዳው ያኔ የተደፋውን ቡና ነው። ስለዚህ አቀራረቡ ይታሰብበታል። ማሰሮ ሙሉ ቡና ቀድሞ አፍልቶ ማስቀመጥ አይሆንም፤ ክፍሎቹ ብዙ ስለሆኑ የመጨረሻው ወታደር ቀዝቃዛ ይደርሰዋል። ሙቀት በሚይዝ ዕቃ ተሸክሞ እዚያው በር ላይ መቅዳት ይሻላል። ወታደሩን ከአልጋ አስነስቶ ማሰለፍ ደግሞ ነገሩን ከሥሩ ያበላሸዋል፤ የዚያን ጠዋት ቁም ነገር ታናሹ ሳይነሳ ታላቁ መቆሙ ነው።

ከቡናው በኋላ ጨዋታው ይቆማል። ልብስ ሲለበስ ብዙ ጊዜ የሚፈጀው ሰማያዊው መቀነት ነው፤ 4.20 ሜትር ርዝመትና 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ስላለው ብቻውን የሚታጠቀው የለም። አንዱ ጫፉን ወጥሮ ይይዛል፣ ሌላው በራሱ ዙሪያ እየተሽከረከረ ይጠቀልለዋል። ያዢው ካላላ ሰልፉ መሀል ላይ ከቀበቶው ሥር ይንሸራተታል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ማስተካከል አይቻልም።

ዋናው ሥነ ሥርዓት የሚካሄደው ከማርሴይ በስተምሥራቅ ባለችው ኦባኝ ከተማ፣ በ1ኛው የውጭ ዜጎች ሬጅመንት ግቢ ነው። የካፒቴን ዳንዡ የእንጨት እጅ ከሙዚየሙ ወጥቶ በተመረጠ የቀድሞ ሌጊዮነር እጅ ወደ ሰማዕታት ሐውልቱ ይጓዛል። መሸከም ከፍተኛ ክብር ነው፤ የሚመረጠው ረጅምና የተመሰከረ አገልግሎት ያለው ሰው ነው። እዚህ ላይ በየጊዜው የሚደገም ስህተት አለ፦ ብዙዎች ዳንዡ እጁን ያጣው ካመሮን ላይ ይመስላቸዋል። ግራ እጁን ያጣው ከ10 ዓመት በፊት አልጄሪያ ውስጥ ነው፤ የእንጨቱ እጅ ከውጊያው በኋላ በአካባቢው ባለ አንድ እርሻ ተገኝቶ በ1865 ወደ ሌጊዮኑ ተመለሰ።

ከዚያ የውጊያው ታሪክ በድምፅ ይነበባል። አንባቢው ብዙ ጊዜ ወጣት መቶ አለቃ ነው። ጽሑፉ አጭርና ደረቅ ነው፣ ሰዓትና ቁጥር እንጂ ውዳሴ አያበዛም፤ እኔ የምወደውም ለዚህ ነው። ድምፁን እያንቀጠቀጠ እንደ ተውኔት የሚያነብ ሰው ያበላሸዋል። በረጅሙ መተንፈስ፣ ስሞቹን ሳይቸኩሉ መጥራት፣ ሌላ ነገር አያስፈልገውም። እንግዶች በንባቡ ጊዜ ስልክ ከፍ አድርገው ሲንጫጩ ማየት ያሳዝናል።

ሰልፉ በደቂቃ 88 እርምጃ ነው። ሌላው የፈረንሳይ ጦር ወደ 120 ስለሚራመድ ለተመልካች ሌጊዮኑ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ፊት ፊት የሚሄዱት ጺማቸውን ያሳደጉ፣ የቆዳ ሽርጥ የታጠቁና መጥረቢያ የተሸከሙ ፈር ቀዳጆች፣ ማለትም ለጦሩ መንገድ የሚጠርጉ ወታደሮች፣ ናቸው።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ ግቢው ለሕዝብ ይከፈትና ባዛር ይሆናል። ወታደሮቹ ራሳቸው ድንኳን ይተክላሉ፣ ምግብ ያበስላሉ፣ የጨዋታ ውድድር ያዘጋጃሉ። ሌጊዮኑ ውስጥ ከ140 በላይ አገሮች ተወላጆች ስላሉ ከድንኳን ድንኳን የምግቡ ሽታ ይለያያል። በሌጊዮኑ ነጭ ቆብ ስም «ሚስ ኬፒ ብላን» የምትባል ወይዘሪትም ትመረጣለች። ጡረተኞችና ቁስለኞች በሚኖሩበት በፑይሉቢዬ የሚጠመቀው የሌጊዮኑ ወይን እዚያው ይሸጣል። እንግዳ ሆኖ የሚሄድ ሰው ማልዶ ይድረስ፤ በር ላይ ፍተሻ አለ፣ ሰልፉ ሲካሄድ የሚቆመው ፀሐይ ላይ ስለሆነ ባርኔጣና ውሃ ይያዝ። ለባዛሩ ብቻ ከሰዓት የሚመጣ ሰው የሚያገኘው ግማሹን ነው።

በዓሉ ኦባኝ ብቻ አይቀርም። ኮርሲካ ካልቪ ላይ፣ በፈረንሳይ ጉያና ኩሩ ላይ፣ ሌጊዮነር በግዳጅ ባለበት ሁሉ ይከበራል። በ1954 ቬትናም ውስጥ የፈረንሳይ ምሽግ ዲየን ቢየን ፉ ተከቦ፣ ምሽጉ ሊወድቅ ቀናት ሲቀሩት እንኳ አልታለፈም። ከሌጊዮን ወጥተው በዓለም የተበተኑ አዛውንቶችም በየማኅበራቸው ያከብሩታል። ሦስት ሰው ብቻ ቢሰበሰቡ ቅደም ተከተሉ ያው ነው፦ ማዕረጉ ከፍ ያለው ቡና ይቀዳል፣ አንዱ ያነባል፣ ከዚያ ጨዋታው ይጀመራል።