ቱግ ከማለቴ በፊት

ሰሞኑን ጓደኞቼ አንድ ጥያቄ ይደጋግሙብኛል። «ይሄ ሜዲቴሽን የምትይው ነገር የምርሽን ይሠራል?» ይሉኛል፣ ግማሾቹ እያሾፉ። እኔ ቁጡ ነበርኩ፤ አሁንም ቁጡ ነኝ። ድሮ ንዴቴና አፌ እኩል ነበር የሚነሱት። አሁን ንዴቱ ይመጣል፣ አፌ ግን ትንሽ ዘግየት ይላል። ያገኘሁት ይህችን ነው። ትንሽ ከመሰለቻችሁ ባንክ ውስጥ መስኮት ላይ ተቀምጣችሁ ስለማታውቁ ነው።

አዎ፣ ቴለር ነኝ፣ እዚሁ ሐዋሳ። «ሲስተም የለም» የሚለውን ነገር በቀን ስንቴ እንደምናገር አስቡት። ሲስተሙን ያጠፋሁት እኔ አይደለሁም። ግን ከመስታወቱ ጀርባ የምታየው እኔ ስለሆንኩ ስድቡም ግልምጫውም የሚያርፈው እኔው ላይ ነው። ድሮ እመልስ ነበር። የባሰው ደግሞ ማታ ነው፤ ቤቴ ገብቼ፣ እራቴን በልቼ፣ አልጋዬ ላይ ወጥቼ፣ «እንዲህ ብዬው ቢሆን ኖሮ» እያልኩ ያንኑ ክርክር ከመጀመሪያው እጀምረዋለሁ። ሰውየው እቤቱ ለጥ ብሎ ተኝቷል። እኔ ጣራው ላይ አፍጥጬ ከእሱ ጋር ስሟገት ይነጋል። ጨጓራዬን የላጠውም ይሄው ነው።

የማደርገው ነገር በጣም ቀላል ስለሆነ ለማውራት እንኳ ያሳፍራል። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ እላለሁ። ስልኬን ራቅ አድርጌ አስቀምጣለሁ። ትንፋሼን ከአንድ እስከ አስር እቆጥራለሁ፣ ሳስወጣ ረዘም እያደረግኩ። ሦስት ላይ ስደርስ ሐሳቤ ገበያ ወጥቶ ሽንኩርት ሲጠይቅ አገኘዋለሁ። ሲገባኝ እንደገና ከአንድ። አንዳንድ ቀን አስርን ሳላያት ሰዓቴ ይደርሳል። መጀመሪያ አካባቢ እንዲህ ሲሆን ያናድደኝ ነበር (ለመረጋጋት ተቀምጦ መናደድ!)። አሁን ግን ዋናው ሥራ ይሄ መሰለኝ፤ ሐሳብ ሲሾልክ ማየት፣ ሳይጮሁበት መመለስ።

ደግሞ «ሐይቅ ያለበት ከተማ እየኖርሽ አልጋ ላይ?» ይሉኛል። ሞክሬዋለሁ። ፍቅር ሐይቅ ሄጄ ዓይኔን ጨፈን እንዳደረግኩ «እህት፣ ጀልባ ትፈልጊያለሽ?» ሲል ሰማሁ። ቀጥሎ «ፎቶ ላንሳሽ» መጣ። አሞራ ገደልማ ጭራሽ አይታሰብም፤ ዓሣ የሚበልቱት ልጆች ጫጫታ አንድ ነገር፣ አንጀት ሲወረወር የሚሻማው አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ሌላ ነገር። ዓሣ ሾርባ ለመጠጣት ግን ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

አንድ ቀን ሲስተሙ ጠፍቶ ወረፋው በሩ ድረስ ተሰልፏል። ከፊቴ ከገጠር የመጡ አንድ አባት ቆመዋል። ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ይዘዋል፣ ጫማቸው ጭቃ ነው። «ከንጋት ጀምሮ መንገድ ላይ ነኝ፣ ባዶ እጄን ልመለስ ነው?» ብለው ጮኹብኝ። ደሜ ፈላ፣ ጆሮዬ ሲግል ይሰማኛል። ዓይኔን ጨፍኜ አንድ ረጅም ትንፋሽ አስወጣሁ። ዝም አሉ። ከዚያ በመስታወቱ ቀዳዳ ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ እየተኛሽ ነው?» አሉኝ። ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። «አባባ፣ አልተኛሁም፣ እንዳልጮህብዎት ነው» አልኳቸው። ወንበር አስመጣሁላቸው፣ ጠበቁ፣ ሲስተሙ ሲመለስ መጀመሪያ እሳቸውን አስተናገድኩ። ያቺን ትንፋሽ ባላስወጣ ምን እንደምመልስላቸው ራሴን አውቀዋለሁ።

ትንፋሹ ዝም ብሎ ማዘናጊያ አይደለም። አየር ስናስገባ የልብ ምታችን ትንሽ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ይቀንሳል። ከአንጎል ወደ ልብና ወደ ሆድ የሚወርደው ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው ልቡን «ቀስ በል» የሚለው። ለዚህ ነው ሳስወጣ የማረዝመው።

ጥናቱንም ቢሆን አንብቤዋለሁ፣ የባንክ ሰው ቁጥር ካላየ አያምንም። ጆን ካባት ዚን የሚባል አሜሪካዊ እንደ ፈረንጆቹ በ1979 ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሕመማቸው አልለቅ ላላቸው ሰዎች ዛሬ 8 ሳምንት የሚወስደውን ሥልጠና ጀመረ፤ የዛሬው ሐኪም ቤት የገባው ሜዲቴሽን በብዛት የተስፋፋው ከዚያ ነው። በ2014 ደግሞ 47 ጥናቶችን፣ ከ3,500 በላይ ሰዎችን ያካተተ ግምገማ ወጣ። ጭንቀትን፣ ድብርትንና ሕመምን በመጠኑ ይቀንሳል አለ። ከስፖርት ወይም ከመድኃኒት ይበልጣል የሚያሰኝ ማስረጃ ግን አላገኘም። በ2022 ደግሞ የጭንቀት ሕመም ባለባቸው 276 ሰዎች ላይ ይኸው የ8 ሳምንት ሥልጠና ኤስሲታሎፕራም ከሚባለው መድኃኒት ጋር ተወዳድሮ ውጤቱ ተቀራራቢ ሆነ። ብቻ እነዚያ ሰዎች በአስተማሪ እየተመሩ፣ ቤታቸውም በየቀኑ 45 ደቂቃ ተለማምደው ነው። እኔ ከታክሲ ሰልፍ በፊት የምሰርቃትን ጥቂት ደቂቃ ከዚያ ጋር አላወዳድርም።

እማዬ በነገሩ አልተደሰተችም። «ፈጣሪን ሳይጠሩ ዝም ብሎ መቀመጥ ምን የሚሉት ነው?» ትላለች። እሷ ጠዋት መቁጠሪያዋን ይዛ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ስትል ቤት ቢፈርስ አትሰማም። ጎረቤታችን እትዬም ከሶላት በኋላ ሙስበሃቸውን ሲቆጥሩ እንደዚያው ናቸው። ኸርበርት ቤንሰን የተባለው የሃርቫርድ ሐኪም እንደ ፈረንጆቹ በ1970ዎቹ አንድ ቃል ወይም ጸሎት ደጋግሞ በእርጋታ ማለት የልብ ምትንና ትንፋሽን ዝግ እንደሚያደርግ ጽፏል። ይህን ለእማዬ ስነግራት ኮራች። ግን ልክ ናት ብዬ አስባለሁ፣ የእሷና የእኔ አንድ አይደለም። እሷ የምትቀመጠው ከአምላኳ ጋር ለመነጋገር ነው፣ መረጋጋቱ ምርቃት ነው። እኔ ምርቃቱን ብቻ ፈልጌ ነው የመጣሁት።

የማይሠራበትም አለ። አከራዬ ጭማሪ ልትነግረኝ ስትመጣ ትንፋሼን ሰብስቤ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ በሥርዓት ተደራደርኩ። ጭማሪው አልቀረም። መሥሪያ ቤትም ሠራተኛውን «ታገሡ፣ ተረጋጉ» ከማለቱ በፊት ሲስተሙን ቢያስተካክል ይሻል ነበር፤ የእኔ መረጋጋት ለእኚያ አባት ብር አላወጣላቸውም። ደግሞ ዝምታ የማይስማማው ሰው አለ። ከባድ ነገር ያሳለፉ ሰዎች ዓይናቸውን ጨፍነው ሲቀመጡ የሚብስባቸው ጊዜ አለ። እንዲህ የሚሆንበት ሰው ይተወው፣ ባለሙያ ያነጋግር፤ «ቀጥል፣ ይለቅሃል» የሚለውን የቲክቶክ መምህር አይስማ።

ባለፈው ደግሞ አጠገቤ የምትሠራ ልጅ «እስቲ አስተምሪኝ፣ ሰው ሁሉ እያስጠላኝ ነው» አለችኝ። ምሳ ሰዓት ዕቃ ክፍል ገብተን ተቀመጥን፣ አስቆጥራት ጀመር። ብዙም ሳንቆይ አንኮራፋች። የስምንት ወር ሕፃን አላት፣ ሌሊቱን ሙሉ ስታዞረው ነው የሚነጋው። ስትነቃ «እህቴ፣ ላንቺ የሚያስፈልግሽ እንቅልፍ ነው» አልኳት።

«እሱንማ ማን ይሰጠኛል» አለች፣ ፀጉሯን እያስተካከለች። ባልሽ አንድ ሌሊት ሕፃኑን ይያዝልሽ ብዬ መክሬያታለሁ።